ለአዋሹ አሮጌ የባቡር ድልድይ አስታዋሽ ያሻዋል





እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ላሳያቸው ሄጄ ነበር። ፏፏቴውንና የሳላውን መንጋ አየን፤ የፈንታሌን ተራራም ተመለከትን። ከዚያ በኋላ በፓርኩ አቅራቢያ ባለችው በአዋሽ ሰባት ኪሎ አረፍንና ከገደሉ ዳር ቆመን የቀድሞውን የምድር ባቡር ድልድይ ስናይ፣ ከተማሪዎቼ አንዱ «መምህር፣ ባቡር የማያልፍበት ከሆነ ይህ ሁሉ ብረት ለምን ቆመ?» ሲል ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር አፈርሁ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። በልጅነቴ በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ ያሉትን ድልድዮች ስም በቃሌ አጥንቻለሁ፤ ስለ አዋሽ ድልድይ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በመምህሮቼ ላይ ብቻ ልጥል አልችልም። እኔም መምህር ከሆንሁ ወዲህ ለተማሪዎቼ አንድ ቀን ስንኳ አላነሣሁትምና። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ መጻሕፍት ገልጬ አነበብሁ። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ ለማሠራት ለስዊሱ ተወላጅ ለመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አልቆ ኩባንያው ስለ ተቸገረ ሥራው ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ፤ በመጨረሻም በሌላ ኩባንያ እጅ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ብቻ ያለው ሲሆን ከባሕር ጋር ያገናኘን ይህ ቀጭን መስመር ነበር።

በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሲሸሽ የሚከተለውን ሠራዊት ለማገድ የአዋሽን ድልድዮች በፈንጂ አፈረሰ። ነገር ግን ገደሉ ነፃነትን አላገደም፤ አዲስ አበባ በዚያው ወር በ28 ቀን ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን ገቡ። መንገዱም በኋላ ተጠግኖ ባቡሩ እንደ ገና ሄደ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በአዋሽ አካባቢ ባለ ጠማማ ድልድይ ላይ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ሸለቆው ወደቀና ከ400 የሚበልጡ ወገኖቻችን አለቁ። በመላው አፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው።

ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን ስለ ተረከበ አሮጌው መስመር ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ የኛ የሁላችን ጥያቄ ነው። ይህ ብረት ለምን ቆመ?

አንድ የውጭ አገር ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ደን ውስጥ ኪንዙዋ የሚባል የባቡር ድልድይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሠራ 92 ሜትር ያህል ከፍታ ስለ ነበረው ከዓለም የባቡር ድልድዮች በከፍታ አንደኛ ነበረ። በ1959 የባቡሩ አገልግሎት ሲቀር አንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ አፍርሶ ሊሸጠው ገዛው፤ ነገር ግን ድልድዩን ባየ ጊዜ ለማፍረስ አልጨከነም ይባላል። ቦታው የሕዝብ ፓርክ ሆነ። በ2003 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ከ20ዎቹ የብረት ምሰሶዎች 11ዱን ጣላቸው። የአገሩ ሹሞች ግን የወደቀውን አላነሡትም፤ እንደ ወደቀ ተዉት፤ በቆሙትም ላይ በ2011 የእግረኛ መሄጃ ሠሩ። ሰው የነፋስን ኃይልና የአባቶቹን ሥራ ባንድነት እያየ ይማራል።

«ክፍልና ወንበር ለጎደለን ለእኛ ይህ ቅንጦት ነው» የሚለኝ ይኖራል። እኔም በየዕለቱ በጠበበ ክፍል ውስጥ የማስተምር ነኝና አልፈርድበትም። ነገር ግን ድልድዩ እንዲታደስ ወይም ባቡር እንዲያልፍበት አልጠየቅሁም። የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የድልድዩ ብረትና የድንጋይ ሥራ ተቆጥሮ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ መሠረት በመዝገብ ይግባ። ሁለተኛ፣ ለሠሩት፣ ለተዋጉበትና ባቡሩ ወድቆ ላለቁት መታሰቢያ አንድ የተጻፈ ድንጋይ ከገደሉ ዳር ይቁም። ሦስተኛ፣ ሳላ ሊያይ ወደ ፓርኩ ለሚመጣው ተማሪ የባቡሩም ታሪክ አብሮ ይነገረው።

ይህነን የምጽፈው በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁት ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው። አሮጌ ነገር የሚጠፋው ሁልጊዜ በጦርነት ወይም በጎርፍ አይደለም። «ያገለገለ ንብረት» በሚል ርእስ በተጻፈ አንድ ወረቀት፣ በአንድ ፊርማና በአንድ ማኅተም ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ ብረቱን ቁራሌው ይወስደዋል፤ ታሪኩን ግን የሚመልሰው የለም። እንዲህ ያለ ወረቀት ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የዚያን ልጅ ጥያቄ አስታውሱ።

እኔም በበኩሌ በሚቀጥለው ጉዞ ተማሪዎቼን አስቀድሜ ወደ ድልድዩ እወስዳቸዋለሁ። ለዚያ ልጅ ያልሰጠሁት መልስ ዕዳ ሆኖብኛልና።

አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ