ልጇ ሆስፒታል የቀረባት አራስ

አራስ ቤት የራሱ ወግ አለው። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ሕፃኑ ያለ ቀኑ ተወልዶ ወይም ታሞ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ሲገባ ግን ወጉ ይፈርሳል። እናት ወልዳለች፤ የምታቅፈው ልጅ አጠገቧ የለም። ጠያቂውም እንኳን ደስ አለሽ ይበል አይዞሽ ይበል ግራ ይገባዋል።

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። በቀዶ ሕክምና ወልዳ፣ በመርካቶ ግርግር መሐል ታክሲ ለምትጠብቅ አራስ ግን ያው መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ ቤተሰብ «አንቺ ተኚ፣ እኛ አይተነው እንመጣለን» ይላታል። በቅን ልብ ነው። እሷ ግን ቤት ተኝታ «ከባድ ዕቃ ማንሳቴ ይሆን? ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ራሷን ትከስሳለች።

እናት በዚህ ጊዜ ጠያቂ ብቻ አይደለችም፤ የሕክምናው አካል ናት። የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በጥቁር አንበሳ ክብደታቸው ከ2 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ጨቅላዎችን አጥንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናት፣ ቶሎ በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ከታቀፉት መካከል 22.5 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ምክር፣ ቤተሰብ በሆስፒታል ባለ ጨቅላ እንክብካቤ እንዲሳተፍና ራሱም ድጋፍ እንዲያገኝ ይመክራል።

እንግዲህ ባል፣ እናት፣ አማት፣ ጎረቤት ምን ያድርጉ?

በሐኪም ካልተከለከለች ወደ ልጇ አድርሷት። ገንፎውንም እዚያው ውሰዱላት። ቤት የቀሩ ልጆች ካሉ ተረከቧት።

«ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አትበሏት። ልጇ በሕይወት አለ። ስም ከወጣለት በስሙ ጠርታችሁ «ዛሬ እንዴት ዋለ?» በሏት።

እናት ሆይ፣ ነርሷን «ዛሬ እኔ ምን ላድርግለት?» ብለሽ ጠይቂ። መንካት፣ ማቀፍ፣ ወተት አልቦ መስጠት ይፈቀድልሽ ይሆናል። ጭንቀት የወተትን አወራረድ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ተስፋ አትቁረጪ። እንገሩ ትንሹም ይጠቅመዋል።

በወለዱ ሰሞን ማልቀስና ሆድ መባስ የብዙ እናቶች ነገር ነው። ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ፣ ልጁን ማየት ካስጠላ ግን ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ብቻዋን አትተዋት፤ ያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ውሰዷት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለትም ልጁ ቤት እስኪገባ አትጠብቁ። ከወለደችበት ቀን ጀምሮ አራስ ናት።