ጥርስን ስለ ማቅናትና ስለ ፍርሃት

ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ለደረሰበት ግን እንቅልፍ የሚያሳጣ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐሙሲት ከተማ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ እናውቃለን። ዕድሜያቸው ከአርባ አልፏል። የፊት ጥርሶቻቸው ተደራርበው የበቀሉ ስለ ሆኑ፥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሥቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። ሐኪም ጥርሶቹ በሽቦ ሊቃኑ እንደሚችሉ ነግሮ ቀጠሮ ሰጣቸው። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ግን ከዓባይ ድልድይ አጠገብ ከመኪና ወርደው፥ ሳይሻገሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «ሕመሙ አይደለም፤ ምን እንደሚደረግብኝ አለማወቄ ነው እግሬን ያሰረው» ሲሉ አጫወቱን።

ታዲያ እኒህ ወይዘሮ ፈሪ ናቸውን? አምስት ልጆች አምጠው የወለዱ እናት ፈሪ ሊባሉ አይገባም። ኖርማን ኮራ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1969 እ.ኤ.አ. የጥርስ ሕክምናን ፍርሃት በአራት ጥያቄዎች የሚመዝን መለኪያ አውጥቶ ነበር። ነገ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ፥ ተራውን የሚጠባበቅ፥ በወንበሩ ላይ ሆኖ መሰርሰሪያው ሲዘጋጅ የሚያይ፥ የጥርስ መጥረጊያው መሣሪያ ሲነሣ የሚመለከት ሰው ምን ይሰማዋል? ልብ ብለን ካየነው አራቱም ጥያቄዎች ስለ መጠበቅ እንጂ ስለ ሕመሙ አይደሉም። ፍርሃት የሚያድገው በመጠበቅና ባለማወቅ መካከል ነውና።

እንግዲህ ይህ ሕክምና ምንድን ነው? ስሙ ኦርቶዶንቲክስ ይባላል። «ኦርቶ» የሚለው የግሪክ ቃል ቀጥ ያለ፥ የተቃና ማለት ሲሆን፥ ኦርቶዶክስ በሚለው ስማችን ውስጥ ያለው ቃል ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ጥርስ ማለት ነው። ሽቦው ጥርሱን በጥቂቱ ይገፋዋል፤ ጥርሱ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፥ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። ይህ ሥራ በዐዋቂም ሰው ይፈጸማልና፥ ድድና አጥንት ጤናማ ከሆኑ ዕድሜ አይከለክልም። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ሕመም የለውም ብለን አናታልላችሁም። ሽቦው በታሰረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጥርስ መጠዝጠዝ ይጀምራል፤ በማግሥቱ ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። አንዳንድ ጊዜ ቦታ ለማግኘት ጥርስ መንቀል ያስፈልጋል፤ ይህም በማደንዘዣ ይደረጋል። ቆሎና ሸንኮራ አገዳ ሽቦውን ስለሚነቅሉ ይቆዩ፤ በጾምም ቢሆን ሽሮና ክክ ወጥ በለሰለሰ እንጀራ አይከለከልም። መፋቂያ በሽቦው መካከል በሚገባ ስለማያጸዳ ለስላሳ ብሩሽ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ሽቦውን አሳስሮ በፍርሃት ከቀጠሮ መቅረት ነው። ያልተጠበቀ ሽቦ ጥርስን ወዳልታሰበ ስፍራ ሊገፋ፥ ያልጸዳውም ጥርስ ሊበላ ይችላልና።

ስለዚህ የሚፈራ ሰው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት «እፈራለሁ» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር፤ ይህ ነውር አይደለም። ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል እንዲነገረው ይጠይቅ፤ እጁን ባነሣ ጊዜም ሐኪሙ ሥራውን እንዲያቆም አስቀድሞ ይስማማ። ቤተ ሰብም «በዚህ ዕድሜ ሽቦ?» እያለ ከማላገጥ ይቆጠብ፤ ሕመሙ በሳምንት ሲያልፍ፥ የቤት ሰው ፌዝ ግን ከልብ አይወጣምና። ደግሞም በፍንጭቱ የሚደሰት ሰው ውበቱ ነውና ያቅና ተብሎ አይገደድ።

ወይዘሮዋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከታላቅ ሴት ልጃቸው ጋር ሆነው ድልድዩን ተሻገሩ። ሐኪሙ ፍርሃታቸውን ሰምቶ፥ አስቀድሞ ሽቦውን በእጃቸው አስይዞ አሳያቸው። ዛሬ ጥርሶቻቸው መቃናት ጀምረዋል። ሲሥቁ ግን እጃቸው አሁንም ወደ ነጠላቸው ይሄዳል፤ ልማድ ከጥርስ ይልቅ ቀስ ብሎ ይቃናልና እንታገሣቸው።