ባለ 5 ዋቱ ሙሽራ

በዚህ አምድ ስንቱን ተኳራፊ ስናስታርቅ ከርመናል። ዛሬ ግን የምናስታርቀው አምፕሊፋየርና ስፒከር ነው። አትሳቁ! ጣጣው ለሰርግ የተጠራቀመ ገንዘብ ድረስ ደርሷል።

ደብዳቤውን የላከልን የ29 ዓመት ወጣት ነው። አባቱ አሜሪካ ተምረው ሲመለሱ ይዘዋቸው የመጡ፣ ዙሪያቸው ድፍን የሆነ አነስ ያሉ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች አሉት። አባት ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በቅርቡ አውሮፓ ያለው ወንድሙ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ላከለት፤ ያ እንደ አምፖል እየበራ የሚሠራው ዓይነት። ጉልበቱ 5 ዋት ነው።

«ማታ ማታ ከእናቴ ጋር የአባቴን ሸክላዎች ዝቅ አድርገን ስንሰማ ዘፋኙ ሳሎናችን የገባ ይመስላል» ይላል ወጣቱ። «የእጮኛዬ ቤተሰቦች ቤታችን የመጡ ለት ግን፣ ሃያ ሰው ፊት ከፍ ሳደርገው ድምፁ ይሻክር ጀመር። አፍሬ አጠፋሁት። ከሰርጉ ገንዘብ ቀንሼ ትልቅ አምፕሊፋየር ልግዛ ስላት እጮኛዬ ‹ይልቅ እነዚያን አሮጌ ሳጥኖች ሽጣቸው› ብላ ተቆጣች። አባቴን ሽጥ የተባልኩ መሰለኝ። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ አይዞህ። ዝቅ ሲል እንዲያ ካማረ ሁለቱም ጤነኞች ሳይሆኑ አይቀሩም። ችግሩ ያለው ጋብቻቸው ላይ ነው።

እኛ ዕቃ ስንገዛ የምንጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። እኔም 12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ በመጀመሪያ ደሞዜ ግንባሩ ላይ «1000 ዋት» የተለጠፈበት ቴፕ ገዝቼ፣ ጩኸቱ የጎረቤቴን ትንሽ ሬዲዮ እንኳ አልበልጥ ብሎኝ ጉድ ሆኛለሁ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ቁጥርም አለ፤ ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚነግረን ነው። በጠጅ ቤት ቋንቋ ላስረዳችሁ። አንዱ በአንድ ብርሌ ይዘፍናል፤ ሌላው አሥር ካልጨለጠ አፉን አይከፍትም። ባለ 95 ዴሲቤሉ በ5 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ፣ ባለ 85ቱ የሚያወጣው በ50 ዋት ነው!

ነገሩ የመጣው ከታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ዝነኛው 300ቢ ቫልቭ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን እንደ ክሊፕሽ ያሉ ሠሪዎች በጥቂት ዋት ቤት የሚሞሉ፣ እንደ ጥሩንባ አፋቸው የሰፋ ትልልቅ ስፒከሮች ሠሩ። በ1954 ደግሞ አኮስቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አየር የማያስወጣ ትንሽ ሳጥን አወጣ። ከትንሽ ሳጥን ወፍራም ቤዝ ተገኘ፤ ዋጋው ግን በዋት ተከፈለ። የአባትህም ከዚህ ወገን ይመስላሉ።

እንግዲህ ሰባራ ሳንቲም ሳታወጣ ይህን አድርግ።

አንደኛ፣ የስፒከሮቹን ጀርባ እይ። 4 ኦም የሚል ከሆነ ገመዱን አምፕሊፋየሩ ላይ 4 ከተጻፈበት አስገባ፤ 8 ከሆነ 8 ላይ።

ሁለተኛ፣ ወንበራችሁን አስጠጉ። ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ስትቀርቡ ዋት እንደጨመራችሁ ቁጠሩት።

ሦስተኛ፣ የትልቁን ስፒከር ዳር ዳር ተመልከት። ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል፤ ባለሙያ ይቀይርልሃል።

አራተኛ፣ ከጓደኛህ ባለ 50 ዋት ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ለአንድ ማታ ተዋስ። ከፍ ስታደርገው ድምፁ ከጠራ በሽታው ታወቀ ማለት ነው። ያኔ ብትገዛም ደህና አሮጌ ይበቃሃል።

አደራ! ባለ ቫልቩን ስፒከር ሳይሰካበት አታብራው፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ክዳኑንም አትክፈት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሊቆይ ይችላል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁም ብትኖሩ፣ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ቤት 220 ላይ በቀጥታ እንዳትሰኩት።

እህቴ እጮኛው፣ ይህን ካነበብሽ አንድ ማታ ሄደሽ ከእናቱ ጎን ቁጭ በይና አብረሻቸው ስሚ። ሳጥኖቹ ይሸጡ አይሸጡ የሚለውን ከዚያ በኋላ ተነጋገሩበት።

አንተም የሰርጉን ገንዘብ አትንካ። 5 ዋት ለእናትህ ትበቃለች፤ ለሰርግህ አትበቃም። ለሰርጉ ዲጄ ተከራይ!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።