ረጅሙ ቤት

በእንግሊዝ አገር ሌስተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1778 ዓ.ም. ሪቻርድ ጋሬት የሚባል ብረት ሠሪ በዚያች ከተማ ማጭድ ይሠራ ጀመር። ሥራውም ለልጁ፣ ከልጁም ለልጅ ልጁ ተላለፈ።

በአያቱ ስም የተጠራው የልጅ ልጅ ግን የአባቶቹን ሥራ መጠበቅ ብቻ አልበቃውም። በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው ታላቅ የሥራ ትርኢት የአሜሪካን ሠራተኞች ዘዴ ተመልክቶ፣ በ1852 ዓ.ም. ረጅሙን ቤት አሠራ። የእህል መውቂያ የሚያዞረው የእንፋሎት ሞተር ከቤቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ፣ ሠራተኞቹ በየቦታቸው ቆመው አንዱ መንኰራኵሩን፣ አንዱ የጭስ መውጫውን ይገጥሙለት ነበር። ከበሩም ሲደርስ ሥራው ተፈጽሞ ይወጣል።

አንዳንድ ሰዎች ከባዕድ መማር ውርደት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ውርደቱ ሳይጠይቁ መቅረት ነው እላለሁ፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላልና። ፋብሪካው ዛሬ ተዘግቷል፤ ረጅሙ ቤት ግን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኖ ያስተምራል።

ልጆች ሆይ፣ ከአባቶቻችሁ የወረሳችሁትን ሥራ ጠብቁ፤ ከሌላውም እየተማራችሁ ጨምሩበት። ያልጨመሩበት ርስት ይጐድላልና።