ያገለገሉ የሙቀት ልክ ማረጋገጫ መሣሪያዎችን ስለ መነገድ

በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተሠሩ ወዲህ መድኃኒት ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱና ወተት መሸጫው ነዋሪውን ተከትሎ ገብቷል። የእነዚህ ሁሉ ንግድ በማቀዝቀዣ የቆመ ነው፤ ማቀዝቀዣውም የሚታመነው በቴርሞሜትሩ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ቴርሞሜትሩ 4 እያለ ውስጡ ከ0 በታች ቢወርድ ግን መድኃኒቱ በረዶ ሠርቶ ሊበላሽ ይችላል፤ በሽተኛውም በገንዘቡ የማይረዳውን ይገዛል።

የቴርሞሜትር ትክክለኛነት የሚታወቀው ከርሱ በሚበልጥ መሣሪያ ሲመረመር ነው፤ ይህም በባለሙያዎች ዘንድ ካሊብሬሽን ይባላል። ለዚሁ ሥራ የሚያገለግሉት የማሞቂያ ሣጥኖች፣ የፈሳሽ ገንዳዎችና የፕላቲኒየም ቴርሞሜትሮች አዲስ ሲሆኑ ዋጋቸው ከባድ ስለሆነ፣ በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ያገለገሉትን ማስመጣት የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው ከአሮጌ ምስክር ወረቀታቸው ጋር እንደ መጡ መሸጥ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የፕላቲኒየም ቴርሞሜትር በመናወጥና በመውደቅ ልኩ ሊለወጥ ይችላል፤ በውጭ ግን ምልክት ላይታይበት ይችላል። ከጉዞው በፊት የተጻፈ ወረቀት፣ ዕቃው ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ሲመጣ የደረሰበትን አያውቅም። ከአሜሪካ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ለ115 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ሳይጠና ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል።

አንዳንድ ሻጭ መሣሪያውን በፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ 100 ዲግሪ ሲያሳይ ትክክል ነው ይላል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ እዚህ 100 የሚያሳየው የተሳሳተው ነው። ከንጹሕ ውኃ ተሠርቶ የተፈጨ በረዶ ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲደባለቅ ግን፣ እዚህም ሆነ በጅቡቲ 0 ዲግሪ ነው። ይህን ፈተና ማንኛውም ባለሱቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ዳሩ ግን የሚመሰክረው ስለ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

ለሌላው ሁሉ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት አለ። አስመጪው ዕቃውን ከጉምሩክ እንዳወጣ አስመርምሮ፣ የመሣሪያው ቍጥርና የተመረመረበት ቀን የተጻፈበትን ምስክር ወረቀት ይዞ፣ ወጪውንም በዋጋው ላይ ጨምሮ ይሽጥ። ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና፣ ተሽጦ የተመለሰ ዕቃ ከዚህ የበለጠ ያስከፍላል። ገዢውም ዕቃው አገር ውስጥ ከገባ በኋላ የተመረመረበትን ወረቀት ሳያይ ገንዘቡን አይቍጠር።