የተዳፋት መሬት አጥር በክረምት ይፈተናል

በደጋውና በወይናደጋው አገር ከከብት ንክኪ እንዲጠበቅ የሚከለለው መሬት አብዛኛውን ጊዜ ተዳፋት ነው። ችግኝ የተተከለበት ኮረብታም ሆነ የሣር ክልል በበጋ በጋራ ጉልበት ይታጠራል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ግን አጥሩ በየቦታው ወድቆ ይገኛል። በዓመቱ ሌላ እንጨት ይቆረጣል፣ ሌላ የሥራ ቀን ይባክናል። ደን ለመጠበቅ ሲባል ደን እየተመነጠረ መሆኑን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያጤኑት ይገባል።

እንዲህ ያለውን አጥር ከከብት ይበልጥ የሚጥለው ጎርፍ ነው። ከላይ የሚወርደው ውኃ ሣርና ጭራሮ እየገፋ አምጥቶ በአጥሩ ላይ ይከምራል፤ መውጫ ሲያጣም የቋሚውን ሥር ይሸረሽራል። ስለሆነም ጉድጓድ ከመቆፈሩ አስቀድሞ የውኃው መሄጃ ሊታይ ይገባል። አጥሩ ቦረቦር በሚያቋርጥበት ስፍራ መካከሉ ላይ ቋሚ ከመትከል ይልቅ በዳርና ዳር ጠንካራ ቋሚ አቁሞ፣ በላዩ በተጋደመው እንጨት ላይ ጭራሮ ማንጠልጠል ይሻላል፤ ከብቱን ይከለክላል፣ ጎርፉን ያሳልፋል። የእርከን ካብም እንዳይናድ ጉድጓድ ሊቆፈርበት አይገባም።

አተካከሉም ከሜዳው ይለያል። መሬቱ ቢያዘነብልም ቋሚው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ይህም ድንጋይ የታሰረበት ገመድ በማንጠልጠል ይረጋገጣል። ቁልቁለቱ በበረታ ቁጥር ጉድጓዱ ይጥለቅ፣ ቋሚዎቹም ይቀራረቡ፤ ዙሪያው በድንጋይና በአፈር በሚገባ ይጠቅጠቅ። ቁልቁለቱ አንድ ወጥ ከሆነ ማገሩ መሬቱን ተከትሎ ይወርዳል። ወጣ ገባ ከሆነ ግን ከቋሚ ወደ ቋሚ እንደ ደረጃ ዝቅ እያለ ይታሰራል። ከሥር የሚቀረው ክፍተት ጥጃና ፍየል ስለሚያስገባ በእሾህ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እንጨት ዘለዓለም አይቆምም። ወይራና የሐበሻ ጥድ ምስጥን ቢቋቋሙም ከመመናመናቸው የተነሣ ለአጥር ሊቆረጡ አይገባም፤ ባሕር ዛፍን ደግሞ ምስጥ አይምረውም። ስለዚህ የእንጨቱ አጥር ለሕያው አጥር ሞግዚት መሆን አለበት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ከእንጨቱ ጎን በደጋው ኮርች፣ በወይናደጋው ሰንሰል፣ በሞቃቱ አካባቢ ቅንጭብ በቁራጭ ቢተከል፣ እንጨቱ ሲበሰብስ ተክሉ ቦታውን ይረከባል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ስለሚጎዳ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል።

አጥር ያለ ባለቤት እንደማይጠብቅም አይዘነጋም። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት በዘመቻ የተተከለ ብዙ ደን መጨፍጨፉ፣ ሕዝቡ የኔ ያላለውን ክልል አጥር እንደማያድነው አሳይቷል። በመሆኑም የክልሉ ሣር ታጭዶ ለማን እንደሚደርስ፣ የወደቀውንም አጥር ማን እንደሚያነሣ ነዋሪው ተሰብስቦ ሊወስን ይገባል።

የዘመቻ ሪፖርት ስንት ሜትር እንደታጠረ ይናገራል። በመስከረም ስንት ሜትር ቆሞ እንደተገኘ የሚገልጽ አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ የባከነው እንጨትና ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ይሆናል።