ኮረብታው ለእንግዳ፣ አቧራው ለባላገር?

እኛ አገር ቱሪዝም የሚጀመረው ከእራት ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ሲታወጁ ለአንድ ሰው ማዕድ 10 ሚሊዮን ብር ተጠየቀ። ያለው ቀርቦ በላ፣ የሌለው በቴሌቪዥን አየ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የወንጪው ሎጅ ሪባን ተቆረጠ። መልካም ነው፣ መንገድ ተሠራ፣ ሕንጻ ቆመ ብሎ የሚቆጣ ጤነኛ ሰው የለም። ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ እዚያ ኮረብታ ላይ የሚፈሰው ብር የማን ኪስ ነው የሚገባው?

ፕሮጀክቱ ሲጠራ «ወንጪ - ደንዲ» ይባላል። የወንጪን ስም ያልሰማ የለም። ደንዲ ግን ከሰረዟ በኋላ የምትመጣ ተከታይ ሆና ቀርታለች። ለማያውቃት እንንገረው። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ጊንጪ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወጡ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሁለት የእሳተ ገሞራ አፎች ተጋጥመው የሠሩት ስምንት ቁጥር የሚመስል ሐይቅ አለ። ሁሉቃ ወንዝ ከዚህ ተነሥቶ ሸለቆውን እየሰነጠቀ በአምቦ ያልፍና ከጉደር ጋር ዓባይ ይገባል። በሌላ በኩል የጭልሞ ጥድና ዝግባ አለ። ከሐይቁ እስከ አምቦ ቁልቁለቱ 700 ሜትር ያህል ነው። ይህን የመሰለ የብስክሌት መንገድ እግዜር ሠርቶ ሰጥቶናል፤ እኛ ግን እንግዳውን መስታወቱ በተዘጋ መኪና ሽው አድርገን እናሳልፈዋለን።

«ብስክሌት? የፈረንጅ ቅንጦት!» የሚል አይጠፋም። ኧረ ለመሆኑ ብስክሌት ለኛ መቼ ነው እንግዳ የሆነው? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። «አገሩ ዳገት ነው» ለሚል ደግሞ መልሱ ሩዋንዳ ነው። የሺህ ኮረብታዎች አገር የምትባለዋ ሩዋንዳ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን ኪጋሊ ላይ አስተናግዳለች፤ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር። ሩዋንዶች ዳገታቸውን አልደበቁም፣ ሸጡት እንጂ! ጉልበት ለሌለውም ዛሬ በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት አለ።

ነገሩ የስፖርት ወሬ ብቻ አይደለም፣ የሆድ ጉዳይ ነው። ባለ መኪናው ቱሪስት ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ውኃውን ከከተማ ጭኖ፣ ሎጁ ግቢ ውስጥ በልቶ ማታ ይመለሳል። ለመንገዱ ሰው የሚተርፈው አቧራ ነው። ባለ ብስክሌቱ ግን ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ጎማው ይተነፍስበታል፣ ሲመሽበትም ማደሪያ ይፈልጋል። አንዲት እናት ጨጨብሳና እርጎ ትሸጥለታለች፣ አንዱ ገበሬ የጸዳች ክፍል ያከራየዋል፣ አንዱ ጎረምሳ ጎማ ይለጥፍለታል። ኦስትሪያ ውስጥ በዳኑብ ወንዝ ዳር እስከ ቪየና በተዘረጋው የብስክሌት መንገድ ላይ እንግዳ እያሳደሩ የሚተዳደሩ ትንንሽ ማደሪያዎች ሞልተዋል። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ሲነሣ ሳቅ ይቀድማል።

ባላገሩ ይህን አይችልም እንዳትሉን። ወንጪ ላይ ሎጁ ከመታሰቡ ከብዙ ዓመታት በፊት የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ ሲያከራዩ፣ በጀልባ ወደ ደሴቱ ቂርቆስ ሲያሻግሩ፣ መንገድ ሲመሩ ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ሲያሰልፋት የሸለመው መንደሪቱን ነው፣ ሎጁማ ገና አልተመረቀም ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህ ነው። ለደንዲም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። የጊንጪና የአምቦ ወጣቶች በማኅበራቸው ብስክሌት ገዝተው እንዲያከራዩና እንዲጠግኑ ብድርና ፈቃድ ይሰጣቸው። ከመስቀል እስከ ግንቦት ይሠራሉ፤ በክረምት ጥቁሩ የጊንጪ አፈር ጎማ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ እርሻቸውን ያርሳሉ።

እዚህ ላይ ግን ባለሥልጣኖቻችን ጆሮ ቢሰጡን እንወዳለን። ይህ ምድር የመሬት ነገር የሚያንገበግበው ምድር ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ገበሬውን ያፈናቅላል ተብሎ አምቦ ላይ ደም ፈሷል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የተማሪዎች መጫወቻ ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው የጊንጪ ልጆች ተነሡ፤ ከዚያች ከተማ የተነሣው እሳት የት እንደደረሰ አገር ያውቃል። ማስተር ፕላኑም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተሰረዘ። እና ነገ «የቱሪስት መዝናኛ» ተብሎ ደንዲ ዳር አጥር ቢታጠር፣ ከብቱ ውኃ እንዳይወርድ ቢከለከል፣ ባላገሩ ምን የሚል ይመስላችኋል? ብስክሌት አጥር አይፈልግም። በነበረው የእግርና የፈረስ መንገድ ያልፋል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰላም! ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ የጥይት ድምፅ ከደወል ድምፅ ያልተናነሰ ተሰምቷል። መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ያለ ስምምነት ተነሥተዋል። ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ወደ ዞኑ አትሂዱ ሲሉ ከርመዋል። ባለ መኪናው ሎጅ ድረስ በአጀብ ይደርስ ይሆናል። ባለ ብስክሌት ግን በአጀብ አይጋልብም። አንድ መንገደኛ ከደንዲ እስከ አምቦ ብቻውን፣ ያለ ጠባቂ፣ ፉጨቱን እያፏጨ ከወረደ በዚያ አገር ሰላም አለ ማለት ነው። ካልወረደ ግን ሺህ ሪባን ቢቆረጥ ሰላም የለም። ከዚህ የበለጠ ሚዛን ያለው ካለ ይዞ ይምጣ።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። ተፋላሚዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ይቀመጡ፣ ሳይስማሙም አይነሡ። የደንዲ ዳርቻ መሬት ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ነዋሪው በአደባባይ ይጠየቅ። ከፕሮጀክቱ ገቢ ለወረዳው ነዋሪ የሚደርሰው ድርሻ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይነገር። በ10 ሚሊዮን ብር እራት የበሉት ጠግበዋል፣ አሁን ተራው የጊንጪና የደንዲ ሰው ነው!